አጋጣሚ ሁለት ይፈልጋል

ከጎተራ ማሳለጫ ወደ ሳሪስ በሚወርደው መንገድ ዳር ጋራዥ በጋራዥ ላይ ተደግፎ ይታያል። ንፋስ ስልክ አጠገብ ባለ አንዱ ጋራዥ ውስጥ የአንድ አሮጌ ቮልስዋገን ሞተር ተፈትቶ ሸራ ላይ ተዘርግቷል። ዋናው መካኒክ ለአንድ ቡሎን ዳዶ አጥተው ጣሳ ሙሉ ብረታ ብረት ሸራው ላይ ገልብጠው ይፈልጋሉ። ጥርሱ አልይዝ ያለውን ይጥላሉ፣ ሌላ ያነሣሉ። ብዙ ቆይተው አንዱ ዳዶ ያለ ቁልፍ በጣታቸው ብቻ ዞሮ ገባላቸው። ረዳታቸው ደስ ብሎት፣ «ጋሼ፣ በአጋጣሚ ተገኘ!» አለ። እሳቸው ቀና ብለው፣ «ምን በአጋጣሚ? ይኼን ጣሳ ዓመት ሙሉ የሞላሁት ለምን ይመስልሃል?» አሉት።

መኪናዬን ሊያዩልኝ ሌላ ጥግ ቆሜ ነበር የሰማሁት። ቃሉ ግን አብሮኝ ቤት ገባ።

በዕለት ንግግራችን «በአጋጣሚ» ስንል ማንም ያልለፋበት፣ ምክንያት የሌለው፣ ከሰማይ ዱብ ያለ ነገር ማለታችን ነው። መካኒኩን ያስከፋቸውም ይኸው ነው። የልፋታቸውን ዋጋ ቃሉ ወሰደባቸው። ቃሉን ከነዘመዶቹ ስናየው ግን እንዲህ ያለ ወራሪ አይደለም። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው ቃላትን ከየግሳቸው ሥር ነው የሚያሰፍሩት፤ አንዱን ቃል ፍለጋ የገባ ሰው ቤተሰቡን ሁሉ ተዋውቆ ይወጣል። «ገጠመ» የሚለው ግስ ቤቱ ሰፊ ነው። እንስራ ከግጣሙ ይገጥማል። ጦር ከጦር ይገጥማል። ሁለት ቡድን ግጥሚያ አለው። ወንዝና ወንዝ የሚገናኙበት ቦታ መጋጠሚያ ነው። ለጋብቻ የተፈላለጉ ሰዎች ኮከባቸው መግጠም አለመግጠሙን የሚያስቆጥሩበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ ዛሬም የሚያስቆጥር አለ። ስንኝ ከስንኝ ቤት ሲመታ ግጥም ይባላል፤ የሠራው ሰው ገጣሚ ነው። ጋራዥ ውስጥም የተፈታውን ሞተር መልሶ የሚያቆመው ሰው ገጣሚ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ስም መጠራታቸውን ሳስበው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ብቻውን የቆመ ነገር አላገኘሁም። መግጠም ሁለት ይፈልጋል።

«ግጥምጥሞሽ» ደግሞ ይህን የበለጠ ያጠነክረዋል። የቃሉን አሠራር ተመልከቱ፦ ድብብቆሽ፣ ቅብብሎሽ፣ ግጥምጥሞሽ። ድብብቆሽ ብቻውን የሚጫወት ልጅ የለም። ቅብብሎሽ ሰጪና ተቀባይ ከሌለው ቅብብሎሽ አይሆንም። ቋንቋው በዚህ ቅርጽ የሚሠራቸው ቃላት ወዲያና ወዲህ የሚሉ፣ ሁለት ወገን ያላቸው ሥራዎች ናቸው።

ሳይታሰብ ለሚሆን ነገር አማርኛ የተለያዩ ቃላት አሉት፤ ብዙ ጊዜ አንዱን በአንዱ ቦታ እንጠቀምባቸዋለን እንጂ አንድ አይደሉም። ዕድል የሚመጣው ከማደል ነው፤ «ታድለሃል» ስንል የሆነ አዳይ አለ፣ ተቀባዩ ምንም አልሠራም። ዕጣ የእቁብ ነገር ነው፤ ወረቀቱ ይጠቀለላል፣ ይወጣል፣ የወጣለት ይወስዳል። ድንገት ስለ ጊዜው ብቻ ነው የሚናገረው፤ ነገሩ ምን እንደሆነ አይጨነቅም። ግብታዊ ከግእዙ «ግብት» የመጣ ነው፤ የ1966 ዓ.ም. አብዮት ግብታዊ ነበር አልነበረም እየተባለ ሲያከራክር የኖረው ከኋላው መሪ፣ ከፊቱ ዕቅድ ነበረ ወይ ለማለት ነው። «እግር ጥሎኝ መጣሁ» የሚል ሰው ደግሞ ውሳኔውን ለእግሩ ይሰጣል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሰውየው ወይ ተቀባይ ነው ወይ ተገፊ። አጋጣሚና ግጥምጥሞሽ ብቻ ናቸው ሁለት ነገር አምጥተው ልክ መሆናቸውን የሚጠይቁት።

አንድ ነገር ልጨምር። ግኝት የምንለው ቃል ራሱ «ተገናኘ» ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው። ማግኘትና መገናኘት ጎረቤት ናቸው። ስለዚህ «በአጋጣሚ የተገኘ ግኝት» ስንል አማርኛው ደጋግሞ ስለ መገናኘት ተናግሯል፤ እኛ ግን የምንሰማው «ሳይለፋበት» የሚለውን ነው።

ይህ በቃላት መራቀቅ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር እውነተኛ ግኝት ላይ መሞከር አለበት። «በአጋጣሚ ተገኘ» እየተባለ ደጋግሞ የሚነገርለት የሀገራችን ታላቅ ግኝት ደግሞ እንዶድ ነው።

እንዶድን የላፍቶና የመካኒሳ ነዋሪ ሩቅ ሀገር ሄዶ አይፈልገውም፤ በከተማችን የወንዝ ዳር ቁጥቋጦና አሮጌ አጥር ላይ የሚንጠላጠል ተክል ነው። በትግርኛ ሽብጢ፣ በኦሮምኛ ሃንዶዴ ይባላል። ኦሞና ላርጎ ገበያውን ሳይይዙ በፊት የእናቶቻችን ሳሙና እሱ ነበር፤ ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፣ ሸማና ነጠላ ያነጣል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከሠላሳ በታች ነው፤ ከአሜሪካ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ይዘው በቅርቡ ነው የተመለሱት። የሄዱበት ጉዳይ ቢልሃርዝያ ነው። በሽታው ስሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1851 ካይሮ ውስጥ ትሉን በሬሳ ምርመራ ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው፤ አካሄዱም አስገራሚ ነው። ከበሽተኛው የወጣው እንቁላል ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል፣ ነገር ግን በቀጥታ ሌላ ሰው ውስጥ መግባት አይችልም። መጀመሪያ ቀንድ አውጣ ማግኘት አለበት። በቀንድ አውጣው ገላ ውስጥ ተራብቶ፣ መልኩን ለውጦ እንደገና ወደ ውኃው ይወጣል፤ ያን ጊዜ ነው ውኃ የሚቀዳውን ሰው እጅ፣ የሚሻገረውን እረኛ እግር ቆዳ በስቶ የሚገባው። ቀንድ አውጣ በሌለበት ወንዝ በሽታው መንገድ የለውም። ስለዚህ አክሊሉ በየጅረቱ ዳር የሚሄዱት ቀንድ አውጣ ሲፈልጉ ነው፦ የት አለ፣ ምን ያህል ነው፣ በሕይወት ያለው ስንት ነው።

ሰዎች ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ ደረሱ። የእንዶዱ አረፋ በውኃው ላይ እየተንሳፈፈ ቁልቁል ይሄዳል። ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በዝተው አዩ።

እዚህ ላይ ብዙ ተራኪ ታሪኩን ይቆርጠዋል፤ አየ፣ አገኘ፣ አለቀ። የሆነው ግን እንደዚያ አይደለም። የሞተ ቀንድ አውጣ በብዙ ምክንያት ሊበዛ ይችላል። ውኃው ከላይ የገደለውን ተሸክሞ አምጥቶ ይሆናል፤ የሰው መመላለስ ይሆናል፤ ሌላ ቆሻሻ ይሆናል። አክሊሉ ሕያው ቀንድ አውጣ ሰብስበው ዕቃ ውስጥ አደረጉና ከሚያጥቡት አንዷን ከአረፋው ጥቂት እንድታፈስበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ያች ዕቃው ውስጥ የፈሰሰች አረፋ ናት የጥርጣሬውን ቡሎን ከዳዶው ያገጣጠመችው።

አሁን የግጥምጥሞሹን ሁለት ወገን ለያይተን እንያቸው።

አንደኛው ወገን ወንዙ ዳር ያሉት ናቸው። እነዚህ ሰዎች አንድ ቅጠል በዘፈቀደ በጥሰው ውኃ ውስጥ አልጣሉም። ከተክሉ ፍሬውን መምረጥ፣ ፍሬውንም ሳይበስል በእሸትነቱ መልቀም፣ ማድረቅ፣ መውቀጥ፣ በልኩ መመጠን ያውቃሉ። በኋላ ቤተ ሙከራዎች ፍሬውን በየደረጃው ሲመረምሩት ቀንድ አውጣ ገዳዩ ንጥረ ነገር ያልበሰለው ፍሬ ውስጥ እንደሚበረታ ተረጋገጠ። አረፋ የሚያወጣውና ቀንድ አውጣ የሚገድለው ሳፖኒን የተባለው አንዱ ነገር ነው፤ አረፋ ፍለጋ እሸቱን የመረጠች ሴት ሳታስበው መድኃኒቱንም መርጣለች። የውኃ ውስጥ ፍጥረትን በተክል መግደል ለሕዝባችን እንግዳ ነገርም አልነበረም። በጣና ዙሪያ ዓሣ አስጋሪዎች የብርብራ ፍሬ ፈጭተው ውኃ ላይ በትነው ዓሣ ያሰክሩ ነበር። ያልነበረው የቢልሃርዝያን ጉዞ ከቀንድ አውጣ ጋር የሚያያይዘው ዕውቀት ነው። ወንዝ ዳር ለሚያጥብ ሰው የሞተ ቀንድ አውጣ ምን ዜና ይሆናል?

ሁለተኛው ወገን አክሊሉ ይዘውት የመጡት ነው። ከቀንድ አውጣ ጋር የተያያዘውን በሽታ፣ የትሉን አካሄድ፣ ቀንድ አውጣውን መግደል ምን ዋጋ እንዳለው ያውቃሉ። በዚያ ዘመን ለዚህ ሥራ የሚመከረው ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል መሆኑንና ዋጋውም የገበሬውን ወረዳ አቅም የሚያልፍ መሆኑን ያውቃሉ። በዚያው ወንዝ ዳር ብዙ የተማረ ሰው አልፏል፤ አረፋውን አይቶ «ልብስ ያጥባሉ» ብሎ ሄዷል። አክሊሉም ያለ አጣቢዎቹ ቢሆኑ ማስታወሻቸው ላይ የቀንድ አውጣ ቁጥር መዝግበው ይመለሱ ነበር። ሁለቱ በአንድ ጅረት ዳር ሲቆሙ ነው ነገሩ የገጠመው።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ሥራ ነው። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ዛሬ ተቋሙ በስማቸው ይጠራል። ወደ አሜሪካ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሄደው ከኬሚስቶች ጋር ሠሩ፤ ከእንዶድ ተለይቶ የወጣው ገዳይ ሳፖኒንም ሌማቶክሲን ተባለ፣ ከአባታቸው ስም። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየአካባቢው ብዙ ዓይነት እንዶድ አሰባስበው እየዘሩ እየመረመሩ ፍሬያማውንና ብርቱውን ለዩ፤ «ዓይነት 44» ተብሎ የታወቀው ተመረጠ። በራሷ በዓድዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዘለቀ ሙከራ የከተማዋ ጅረቶች በእንዶድ ታከሙ። የሕዝቧ ቁጥር ያን ጊዜ 17,000 ያህል ነበር። በአምስቱ ዓመት ውስጥ የቢልሃርዝያ ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ወረደ፤ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ። የሕፃናቱን ቁጥር ለይቼ ያነሣሁት ምክንያት አለው። ትልቁ ሰው በሽታውን ከሙከራው በፊት ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ሕፃኑ ግን የሚለካው የውኃውን የዛሬ ንጽሕና ነው።

እንዲህ ያለ ውጤት የተገኘለት ተክል ወዲያው ዓለምን ይዞራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይሳሳታል። በእንዶድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1983 ሉሳካ፣ በ1986 ምባባኔ ላይ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤ ተደርጓል። ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ የጤና ድርጅቶች ግን በታወቁ ቤተ ሙከራዎች በውድ ዋጋ የተሠራ የመርዛማነት ምርመራ ካልቀረበ አንቀበልም አሉ። ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሰው የሚጠጣው ውኃ ውስጥ የሚገባ ነገር መመርመር አለበት። የሚያሳዝነው ለምርመራው የሚያስፈልገው ገንዘብ ያለው በሽታው ከሌለበት ሀገር መሆኑ ነው። የካናዳው የልማት ምርምር ማዕከል ሲያግዝ ምርመራው ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉና ለገሠ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። አክሊሉ በወንዙ ዳር የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ካዩበት ቅጽበት ሃያ አምስት ዓመት አልፎ ነበር። ይህን ያህል የተለፋበትን ነገር «በአጋጣሚ» በምትል አንዲት ቃል ሸፍኖ ማለፍ ልክ አይመስለኝም።

ነገሩ የእንዶድ ብቻ እንዳይመስል ወደ ሰፈራችን፣ ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ስም ልመለስ። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ዓይነት ነው። ንፋስ ስልክ ደግሞ ሽቦ የሌለው ስልክ፣ በአየር የሚሄድ ነው። ስልክ ራሱ በዓረብኛ ሽቦ ማለት ስለሆነ አባቶቻችን «የንፋስ ሽቦ» ብለው ነው የሰየሙት፤ ለአዲስ ነገር ስም ማውጣት ከዚህ በላይ አያምርም። ከዚሁ የንፋስ ስልክ ዓለም አንድ ግኝት ላንሣ።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ካርል ጃንስኪ የተባለ ወጣት መሐንዲስ በቤል ላብራቶሪ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። አትላንቲክን የሚሻገረው ሽቦ አልባ ስልክ ይንሿሿል፤ ጃንስኪ የጩኸቱን ምንጭ እንዲፈልግ ታዘዘ። በፎርድ መኪና ጎማ ላይ የሚሽከረከር ትልቅ አንቴና ሠርቶ አዳመጠ። አንዱ ጩኸት ቅርብ የሚወርድ መብረቅ ሆነ፤ ሌላው የሩቅ መብረቅ። ሦስተኛው ግን ምንጩ ያልታወቀ፣ የማያቋርጥ ሽውሽውታ ነበር። መጀመሪያ ከፀሐይ የሚመጣ መሰለው፤ ወራት ሲያልፉ ግን ሽውሽውታው ከፀሐይ ተለይቶ ራቀ። በየቀኑ አራት ደቂቃ ያህል እየቀደመ ይመጣል።

አራት ደቂቃ ለመሐንዲሱ ቁጥር ብቻ ነበር። ስኬሌት የተባለ፣ የሥነ ፈለክ ትምህርት ያለው ባልደረባው ግን ያን ቁጥር ያውቀዋል። ምድር ከከዋክብት አንጻር አንድ ዙር የምትጨርሰው በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነው፤ በየቀኑ አራት ደቂቃ የሚቀድም ነገር ከፀሐይም ከምድርም ያልሆነ፣ ከከዋክብት መካከል የቆመ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ጃንስኪ ሽውሽውታው ከፍኖተ ሐሊብ መካከል የሚመጣ መሆኑን ይፋ አደረገ፤ ሰማይን በራዲዮ ማዳመጥ ከዚያ ጀመረ። አንዱ ጩኸቱን ይዟል፣ አንዱ አራት ደቂቃዋን። እዚህም ሁለት ሆኑ።

ለዚህ ዓይነት ግኝት አውሮፓውያን «ሰረንዲፒቲ» የሚሉት ቃል አላቸው። የሠራው ሰውም የሠራበትም ቀን ይታወቃል፤ እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1754 በጻፈው ደብዳቤ ነው። ቀድሞ ያነበበውን የሰረንዲብ ሦስት ልዑላን ተረት አስታውሶ፣ ሳይፈልጉት በአጋጣሚና በአስተዋይነት ለሚገኝ ነገር ይሁን አለ። ሰረንዲብ የዛሬዋ ስሪላንካ ናት። ተረቱ ከፋርስ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1557 ቬኒስ ላይ ታትሟል። ልዑላኑ መንገድ ሲሄዱ አንድ ያላዩትን ግመል ይገልጻሉ፦ የመንገዱ ሣር በአንድ ወገን ብቻ፣ ያውም ደካማው ወገን ተግጧልና አንድ ዓይን የለውም፤ የታኘከ ሣር በጥርስ ልክ እየተቆራረጠ መንገዱ ላይ ወድቋልና አንድ ጥርሱ ወልቋል።

የእኛ ሰዎች ከዚያች ደሴት ጋር የተዋወቁት ዋልፖል ሳይወለድ ከሺህ ዓመት በፊት ነው። የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በ6ኛው መቶ ዘመን በጻፈው መጽሐፍ ደሴቷን «ሲየሌዲባ» ይላታል። ሶጳጥሮስ የተባለ ነጋዴ ከአዱሊስ በተነሣ መርከብ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር እዚያ መድረሱን ይተርካል። በዚያው ጊዜ የፋርስ መርከብም ወደቡ ገባ። የደሴቷ ንጉሥ ሁለቱን ወገን አቅርቦ የማንኛችሁ ንጉሥ ይበልጣል ሲል ጠየቀ። ፋርሳዊው ብዙ ተናገረ። ሶጳጥሮስ ግን ሁለቱ ነገሥታት እዚሁ አሉ ብሎ የሮማን የወርቅ ሳንቲምና የፋርስን የብር ሳንቲም አስቀረበ፤ ንጉሡም አገላብጦ አይቶ ፈረደ።

ዋልፖል የሠራው ቃል መልካም ቃል ነው፤ እኔ ግን ለእንዶድ አይገጥምም እላለሁ። አንደኛ፣ ሰረንዲፒቲ ያልፈለጉትን ማግኘት ነው፤ አክሊሉ ግን የቀንድ አውጣን መጥፊያ ነው የሚፈልጉት፣ ያልጠበቁት የተገኘበትን ቦታ ነው። ሁለተኛውና ትልቁ፣ የዋልፖል ቃል የሚያወድሰው አግኚውን ብቻ ነው። ልዑሉ ያስተውላል፤ ግመሉና ሣሩ ዝም ብለው ይታያሉ። በዓድዋው ወንዝ ዳር ግን የታየው ወገን ሣር አይደለም፤ ራሱ የሚያውቅ፣ የሚመርጥ፣ የሚመጥን ሰው ነው። ግጥምጥሞሽ ለሁለቱም ቦታ አለው።

ይህ ልዩነት ከቃል አልፎ የገንዘብም ጉዳይ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1990 አክሊሉ አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ከሚገኘው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ሊቀበሉ ሄዱ። ከተማዋ ያለችው በኢሪ ሐይቅ ዳር ነው። በእነዚያ ዓመታት ታላላቆቹን ሐይቆች ከጥቁርና ከካስፒያን ባሕር አካባቢ በመርከብ ውኃ ተጭኖ የመጣ ትንሽ ዛጎል ለበስ ፍጥረት ወርሯቸው፣ የከተሞችን የውኃ ቧንቧ እየደፈነ ነበር። አክሊሉ ይህን ሲሰሙ ፍጥረቱ የቀንድ አውጣ ዘመድ መሆኑን ያውቃሉና እንዶድን እንሞክረው አሉ። ሞከሩት፤ ገደለው። ሁለተኛ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ይህኛው ግን የዓድዋ ወንዝ ዳር ሰዎች ከሌሉበት ከተማ ውስጥ የሆነ። ዩኒቨርሲቲው በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ። አክሊሉ ከፈጠራው ሠሪዎች አንዱ ሆነው ሰፍረዋል። ተክሉን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲለቅሙ፣ ሲወቅጡ፣ ሲመጥኑ የኖሩት ግን በዚያ ሰነድ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። እንዶድ ከዚያ በኋላ የድሃ ሀገሮች የተክል ሀብትና የሕዝብ ዕውቀት እንዴት ከእጃቸው እንደሚወጣ በሚነገርበት መድረክ ሁሉ የሚጠቀስ ምሳሌ ሆነ።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አረፉ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም.፣ አዋጅ ቁጥር 482 ወጣ። አዋጁ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀምን የሚደነግግ ነው። አንድ ማኅበረሰብ ስለ ተክሉ ያለውን ዕውቀት መጠቀም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የማኅበረሰቡን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛል፤ ከሚገኘው ጥቅምም ማኅበረሰቡ ድርሻ እንዲኖረው ያደርጋል። አረፋዋን ዕቃው ውስጥ ያፈሰሰችው ሴት እንግዲህ በሀገሯ ሕግ ውስጥ ባለመብት ሆና ገብታለች፤ በአተራረካችን ውስጥ ገና እየጠበቀች ነው።